«ካርቱን ነው፣ ትየው» ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ

ዛሬም ከኤርፖርቱ የታክሲ መጠበቂያ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ። ከፊቴ የተሰለፈው መኪና ብዙ ስለሆነ ጽሑፉ ይረዝማል። ልጅ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የሌላችሁም የእህት ወይም የወንድም ልጅ አታጡምና አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ ሰልፍ ላይ አንድ ጓደኛዬ መጥቶ የመኪናዬን መስኮት አንኳኳ። የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለችው። «ስማ፣ አንተ ልጅ አሳድገሃል። ልጄ የባሕር ወንበዴ ፊልም ካላየሁ ብላ አላስቀምጥ አለችኝ። ትሬዠር ፕላኔት ይሉታል። ላሳያት?» አለኝ። እኔ በአንድ እጄ ቡናዬን፣ በሌላው ስልኬን እንደያዝኩ ቀና እንኳን ሳልል «የዲዝኒ አይደል እንዴ? ካርቱን ነው፣ ትየው» አልኩት። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ እሱም ወደ መኪናው ሮጠ።

በማግስቱ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል። ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ ስትነቃ ስትተኛ ነው ያደረችው። ሽጉጡ ወይም ጭራቁ አስፈርቷት መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ፊልሙ መሃል ላይ አንድ ትንሽ ልጅ አባቱ ጥሎት ሲሄድ እስከ መርከቡ ማቆሚያ ድረስ ይሮጣል፤ ሲደርስ መርከቡ ተነሥቷል። ይህን ካየች በኋላ ነው የተረበሸችው። ጓደኛዬና ልጁ ቀድመው የመጡ ናቸው። እናትየው ወረቀቷ እስኪያልቅ አዲስ አበባ ናት። ልጅቷ ከእንቅልፏ ነቅታ ምን ብላ ጠየቀችው መሰላችሁ? «እኛ ስንመጣ እማዬም ከአውሮፕላኑ ኋላ እንዲህ ሮጣ ነበር?»

ይህን የምጽፈው አስፈቅጄው ነው። እንዲያውም «ጻፈው፣ ሌላውም ይማርበት» ያለኝ እሱ ራሱ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። የእኔም ምክር እንደዚያ ሆነ። ያላየሁትን ፊልም «ካርቱን ነው» ብዬ አሳለፍኩ። ታክሲ ነጂ ነኝ፤ የማላውቀውን መንገድ «ቀጥ ብለህ ሂድ» ብዬ ለሰው አልናገርም። ስለ ልጅ ሲሆን ግን ተናገርኩ። ስለዚህ ፊልሙን ሁለት ጊዜ አየሁት፤ አንዴ እዚሁ ሰልፍ ላይ ብቻዬን፣ አንዴ ቤት ከልጄ ጋር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትሉኝ እንጂ ያየሁትን ልንገራችሁ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ልናገርባችሁ ነው፤ ለወላጅ እንጂ ለተመልካች የተጻፈ አይደለምና ይቅር በሉኝ።

ፊልሙ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የዲዝኒ ሥራ ነው። ወደ 140 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በሲኒማ ቤት ወጪውን ሳይመልስ ስለቀረ ብዙዎቻችን ስሙን አልሰማነውም። አሁን ግን ልጆቹ በየስልኩና በየቴሌቪዥኑ እያገኙት ነው። መነሻው ስኮትላንዳዊው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን የጻፈው ትሬዠር አይላንድ የሚባለው ልብ ወለድ ነው። መጽሐፍ ሆኖ የታተመው በ1883 ነው። ፊልሙ ባሕሩን ወደ ኅዋ ቀየረው። መርከቦቹ ሸራቸውን ዘርግተው በከዋክብት መሃል ይሄዳሉ። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ከ35 ደቂቃ ገደማ ነው።

ጂም ሆኪንስ የሚባል የ15 ዓመት ልጅ እናቱ ከምታስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ ይኖራል። አባቱ ልጁ ትንሽ ሳለ ትቷቸው ሄዷል። ጂም ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን ከፖሊስ ጋር መጋጨት ጀምሯል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መርከበኛ መርከቡ ተከስክሶ ደጃፋቸው ይደርስና የሀብት ካርታ ሰጥቶት ይሞታል። ወንበዴዎቹ ያንኑ ካርታ ፍለጋ መጥተው ቤታቸውን ያቃጥሉታል። ጂም ሀብቱን ፍለጋ በመርከብ ይወጣል። መርከቡ ላይ ከወጥ ቤቱ ኃላፊ ከጆን ሲልቨር ሥር ይመደባል። ሲልቨር ግማሽ ሰው ግማሽ ማሽን ነው። ልጁን ሥራ ያስተምረዋል፣ ያበረታታዋል፣ ከሚያስፈራሩት ያድነዋል። ሆኖም የወንበዴዎቹ አለቃ እሱ ራሱ ነው።

አሁን ወደ ወላጅ ጥያቄ ልምጣ። ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ግድያና ስለ ብልግና ነው። እሱን በአጭሩ ልመልስ። ብልግና የለበትም፤ ከአያት ጋር ተቀምጦ የማይታይ ነገር አላየሁም። በፈስ የሚነጋገር ፍጡር አለ፤ ልጆቹ እሱ ላይ ይሥቃሉ፤ እኔም ሥቄአለሁ። ጠብ ግን አለ፤ ሽጉጥ፣ ጎራዴ፣ እሳት፣ ፍንዳታ። ሰው ይሞታል፤ ደም ሲፈስ ግን አይታይም። ትንንሾቹን የሚያስፈራው ስክሩፕ የሚባለው ነው። ሸረሪትና ሸርጣን የተቀላቀሉበት የሚመስል ፍጡር ሲሆን ልጁን በጥፍሩ አንቆ የሚይዝበት ቦታ አለ። ደግሞም አሮው የሚባለውን ጨዋ የመርከብ መኮንን የታሰረበትን ገመድ ቆርጦ ወደ ጥቁሩ የኅዋ ጉድጓድ የሚጥለው እሱ ነው። ጥፋቱም በጂም ይሳበባል። ይህ ከባድ ትዕይንት ነው። በኋላ የአንድ ወንበዴ አጽምም ይታያል።

እዚህ አሜሪካ ፊልሙ የተሰጠው ደረጃ «ፒጂ» ነው። ብዙዎቻችን ይህን ፊደል እንደ ፈቃድ ነው የምናነበው። ትርጉሙ ግን «የወላጅ ምሪት ያስፈልገዋል» ነው። ለሁሉም ይሆናል የሚባለው «ጂ» የሚል ፊደል ነው ያለው። ስለዚህ ፒጂ ያለው ፊልም ላይ ደረጃ ሰጪዎቹ ውሳኔውን መልሰው ለእኛ ሰጥተውናል። ልጅቷን እነሱ አያውቋትም። እናቷ አዲስ አበባ መሆኗንም አያውቁም።

የእኔ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ወገኖቼ፣ እኛ ስደተኞች ፊልም ስንመርጥ ደም ደሙን እንፈልጋለን። ደም ከሌለው እናሳልፈዋለን። ልጆቻችንን የሚነካው ግን ብዙ ጊዜ ጎራዴው አይደለም። መለያየቱ ነው። እስቲ በየቤታችን እንቁጠር። አባቱ ዱባይ ሆኖ ልጁ አገር ቤት ያደገ አለ። እናቱ ቤይሩት ሠርታ ያስተማረችው አለ። ከአያቱ ጋር ስምንት ዓመት ኖሮ፣ በስልክ ብቻ የሚያውቃቸውን ወላጆቹን ኤርፖርት ላይ «እነዚህ ናቸው» ተብሎ የተረከበ ልጅ አለ። እናትና አባቱ እዚሁ ከመጡ በኋላ የተፋቱበት አለ። ለእነዚህ ልጆች የትሬዠር ፕላኔት ከባዱ ቦታ ስክሩፕ አይደለም። ከሲልቨር ጋር ደስ የሚል ጊዜ ሲያሳልፍ በዘፈን መሃል አባቱ የሚሄድበት ትዝታ የሚመጣበት ቦታ ነው። ልጁ የሠራውን መጫወቻ ሊያሳየው ሲል አባትየው አልፎት ይሄዳል። አንድ ጠዋት ይነቃል፤ እናቱ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች፤ አባትየው ሻንጣውን ይዞ ወጥቷል። ልጁ ይሮጣል።

የሚገርማችሁ፣ ይህ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። በስቲቨንሰን ታሪክ የጂም አባት ታሞ ነው የሚሞተው። የሞተ አባት ያሳዝናል እንጂ «ምን አጥፍቼ ነው የተወኝ?» አያሰኝም። ፊልም ሠሪዎቹ ሞቱን በመሄድ ተኩት። በመሄዳቸው ታሪኩ ለዘመኑ ልጅ ቀረበ፤ ለእኛ ልጆች ደግሞ ከልክ በላይ ቀረበ።

ታዲያ እንከልክል ወይ? አንዳንድ ታላላቆቻችን «የፈረንጅ ካርቱን ልጆቻችንን አበላሸ፣ ዝጉት» ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን አልስማማም። የእኛ ተረት ውስጥ ጅብ አህያ ይበላ የለም እንዴ? ማታ ማታ እሳት ዳር የሰማነው ተረት ከዚህ ፊልም በምን ያንሳል? እኛን ያላስደነገጠን ተረቱ ቀሎ አይደለም። አያቴ ነበረች አጠገቤ፤ ስፈራ ነጠላዋ ውስጥ እገባ ነበር። ልጆቻችን ግን በታብሌት፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ በሩ ተዘግቶ፣ እኛ ከታች ወጥ እየሠራን ወይም ኤርፖርት ተሰልፈን ነው የሚያዩት። የጓደኛዬም ልጅ ብቻዋን ነበረች። እሱ ሌሊት ስለሠራ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድበትም።

ሌላም ያሳሰበኝ ነገር ሲልቨር ነው። ሕፃናቱ ይወዱታል፤ እኔም ወደድኩት። ችግሩም ይኸው ነው። ልጁ አንድ ቀን የፍራፍሬ በርሜል ውስጥ ሆኖ ሲልቨር ለወንበዴዎቹ ሲያወራ ይሰማል። ስለ ልጁ ምንም ግድ እንደሌለው፣ የያዘው ለዕቅዱ ሲል እንደሆነ ይነግራቸዋል። ጂም እዚያ ውስጥ ተሸማቆ ሲሰማ የሚታየው ፊት ከጎራዴው ሁሉ ይበልጥ ያማል። በመጨረሻ ግን ሲልቨር አንድ ጀልባ ሙሉ ወርቅ ትቶ የልጁን ሕይወት ያድናል። ጂምም ሲልቨር ከእስር ሳይገባ እንዲያመልጥ ይተወዋል።

አንዳንድ ወላጅ «ይኼ ወንበዴን ማስወደድ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ለአሥር ዓመት ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለም እላለሁ፤ ቁጭ ብለን ካወራንበት። በዚህ አገር ልጆቻችንን የሚያስትቱ ሰዎች ቀንድ የላቸውም። ጫማ የሚገዛለት ትልቅ ልጅ ነው የሚመጣው። በጌም መሃል «አንተ ጎበዝ ነህ» የሚለው የማይታወቅ ሰው ነው። አባት የማይልለትን እሱ ይለዋል። ልጅ «መጥፎ ሰው ሁልጊዜ ያስፈራል» ብሎ ካመነ፣ ደግ መስሎ የሚመጣውን በምን ያውቀዋል? ሲልቨር ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ልጃችሁን «መውደዱ እውነት ነበር ወይስ ውሸት?» ብላችሁ ጠይቁት። የእኔ ልጅ «ሁለቱም» አለ። አዋቂ ሰው የማያገኘውን መልስ ነው ያገኘው።

እኛ ደግሞ ይህን ለማስረዳት አንቸገርም። ሽፍታን የምናውቅ ሕዝብ ነን። ካሣ ኃይሉ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው በፊት ቋራ በረሃ ሸፍተው ነበር። በየአገራችን ደግሞ የድሃ ከብት የነዳ ሽፍታም ነበር። አንዱን አመስግነን አንዱን ረግመን ነው ያደግነው። ሽፍታ የሚለውን ቃል ለልጄ ያስተማርኩት በዚሁ ፊልም ሰበብ ነው። የታሪክ ትምህርት ልስጥህ ብለው እኮ አይሰማኝም ነበር።

እንግዲህ የኔ ምክር ይኸው፤ በነፃ ነው፣ ሜትር አልከፈትኩም።

ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ይቆይ ባይ ነኝ። ስክሩፕም ሞቱም ይከብደዋል። ከስድስት እስከ ስምንት ያለ ልጅ ጭናችሁ ላይ ወይም ጎናችሁ ተቀምጦ፣ ሪሞቱ እጃችሁ ላይ ሆኖ ይየው። ከዘጠኝ በላይ ለሆነ ልጅ ጥሩ ፊልም ነው። ለ13 እና ለ14 ዓመት ጎረምሳ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይስማማዋል፤ «ካርቱን የሕፃን ነው» ይላችኋል እንጂ።

ግን ዕድሜ ብቻውን አይበቃም። ከዕድሜው በፊት «ልጄ በልቡ የያዘው ምንድን ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። በቅርቡ ከእናቱ ወይም ከአባቱ የተለየ፣ ወይም ሰው የሞተበት ልጅ ከሆነ አስቀድማችሁ ብቻችሁን እዩት። አንድ ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው፤ እኛ ለአንድ ተሳፋሪ ከዚያ በላይ ተሰልፈን እንጠብቅ የለ? ካያችሁት በኋላ «ገና ነው» ካላችሁ ገና ነው። ፊልሙ የትም አይሄድም። «አሁን ነው» ካላችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ «የልጁ አባት የሚሄድበት ቦታ አለ። ከፈለግህ እዚያ ላይ እናቆመዋለን።» ልጅ የሚመጣውን ካወቀ ድንጋጤው ይቀንሳል።

ሲያልቅም ፈተና አታድርጉበት። «ምን ተማርክ?» የሚባል ልጅ ይዘጋል። «አንተ ብትሆን ሲልቨርን ትለቀው ነበር?» በሉት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። በየትኛውም ቋንቋ ይመልስ። አማርኛ ይናገር ብዬ ከምከራከሩት አንዱ እኔ ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ። የዚያን ቀን ማታ ግን ልቡን በእንግሊዝኛ ከከፈተ በእንግሊዝኛ ስሙት። የአማርኛው ትምህርት ቅዳሜ ይደርሳል።

አሁን የራሴን ልንገራችሁና ልጨርስ፤ ሰልፉም እየተንቀሳቀሰ ነው።

ልጄ አሥር ዓመቱ ነው። ማክሰኞ ሥራ ስለማይበዛ ቤት ቀረሁና አብረን አየነው። እኔ የሠለጠነ አባት ሆኜ፣ ሁሉን አስቀድሜ አይቼ፣ ሪሞቱን ይዤ ተቀምጫለሁ። እዚያ ቦታ ስንደርስ «ይቁም?» አልኩት። «አይ» አለኝ። አባትየው ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ አየን። ልጄ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «አንተም መብራት ሳታበራ ነው የምትወጣው» አለኝ።

የጠዋት በረራ ለማድረስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በፈረንጆቹ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው፣ ከቤት እወጣለሁ። ጫማዬን በእጄ ይዤ በጨለማ ነው የምወርደው። «እንዳትነቁብኝ ብዬ ነዋ» አልኩት።

«እኔ እኮ ነቅቼ ነው የማይህ» አለኝ።

ስንት ዓመት ሙሉ ተኝቷል ብዬ ነው የወጣሁት። በየሌሊቱ ጀርባዬን ሲያይ ኖሯል። «ለምን አትጠራኝም?» ስለው «ትቸኩላለሃ» አለኝ። ፊልሙን አላቆምኩትም። እኔ ነበርኩ መቆም ያቃተኝ።

አልጋነንባችሁም፤ እኔ ጥዬው የሄድኩ አባት አይደለሁም። ኪራዩን፣ ኢንሹራንሱን፣ አገር ቤት የሚላከውን ታውቁታላችሁ፤ ሌሊት መውጣቴ አይቀርም። ልጁም ይህን ያውቃል። ግን አሁን ስወጣ በክፍሉ በኩል አልፋለሁ። ነቅቶ ከሆነ እጁን ያወጣል፣ እጁን እይዘውና እወርዳለሁ። ከተኛም ደህና። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። በሁለት ደቂቃ ያመለጠኝ ተሳፋሪ የለም።

ጓደኛዬም ልጁን ይዞ ከእናቷ ጋር በቪዲዮ አገናኛቸው። ልጅቷ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት። እናትየው «አልሮጥኩም ልጄ፤ መስታወቱ ጋ ቆሜ አውሮፕላናችሁ እስኪጠፋ እጄን ሳወዛውዝ ነበር» አለቻት። ልጅቷ ያን ከሰማች ወዲህ እንቅልፏ ደህና ነው። ፊልሙን ገና አልጨረሰችውም። እናቷ ስትመጣ ነው አብረው የሚጨርሱት፤ እሷ ራሷ ናት እንዲህ ብላ የወሰነችው።

ስለዚህ ከእንግዲህ ሰልፍ ላይ መጥታችሁ «ይህን ፊልም ለልጄ ላሳያት?» ብትሉኝ «ካርቱን ነው» አልላችሁም። «ማን አጠገቧ ይቀመጣል?» ብዬ ነው የምጠይቃችሁ።

እናንተስ ልጆቻችሁን ምን አሳይታችሁ ምን ጠየቋችሁ? ከታች ጻፉልኝ፤ ማታ ስመለስ አነበዋለሁ። ሌሊት ለሚነዳ አባት ሁሉ ሼር አድርጉለት። ተራዬ ደረሰ።

መልካም ሥራ፣ ሰላም ግቡ።